አዱሊስ እና የወርቁ ጥያቄ

«ስንት ወርቅ አወጣችሁ?» ቁፋሮ ላይ እንደምሠራ የሰማ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የሚጠይቀኝ ይህንኑ ነው። ሰሞኑን ሰርግ ላይ ስለ አዱሊስ ማውራት እንደጀመርኩ አንድ ጋሼ የጎረሱትን ሳይውጡ ጠየቁኝ። እውነቴን ነው፣ ሰለቸኝ።

አዱሊስ የአክሱም መንግሥት ዋና የባሕር በር ነበረች። ፍርስራሿ ዛሬ ኤርትራ ውስጥ፣ ከምጽዋ በስተደቡብ፣ ዙላ አጠገብ ነው። ወርቅ አልተገኘባትም አልልም። ጣሊያናዊው ፓሪቤኒ በ1907 እ.ኤ.አ. ሲቆፍር የወርቅ ሳንቲሞች አግኝቷል። ሳንቲም የንጉሡን ስምና መልክ ያሳየናል። ዕቃው ከየት ተጭኖ እንደመጣ፣ ሰዉ በምን ይበላና ይጠጣ እንደነበር የሚነግረን ግን ገል ነው። አዎ፣ የተሰበረ ሸክላ!

አንድ ተማሪዬ አክሱም ላይ ከጉድጓድ የወጣ ገል «ይሄማ ምን ያደርጋል» ብሎ ሊጥል ሲል ደረስኩበት። አጥበን አየነው። ውጩ እንደታረሰ ማሳ ትልም በትልም ነው። ካሮት የመሰለ ረጅም ማሰሮ ስባሪ ነበር። ይህ ማሰሮ ይሠራ የነበረው አቃባ፣ በዛሬዋ ዮርዳኖስ ነው። ያው ዓይነት አዱሊስም ተገኝቷል፤ ኤርትራ ደሴቶች አጠገብ ከሰመጠች ጥንታዊ መርከብም ወጥቷል። በቀይ ባሕር ቁልቁል መጥቶ፣ ከአዱሊስ የ8 ቀን መንገድ ተራራ ወጥቶ አክሱም ገባ ማለት ነው። ይህን የትኛው ወርቅ ይነግረኛል?

ስለ አዱሊስ የሚባሉ ሌሎች ስህተቶችን ቶሎ ቶሎ ልበል። «ከተማዋ ውኃው ዳር ነበረች» ይባላል። በ1ኛው ክፍለ ዘመን በግሪክኛ የተጻፈው የመርከበኞች መመሪያ ግን ከባሕሩ 20 ስታዲዮን፣ ወደ 3 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ ገባ ያደርጋታል። አዱሊስ ላይ ጽሑፍ የተቀረጸበት የድንጋይ ዙፋንና ሌላ የቆመ ድንጋይ ነበሩ፤ «የዙፋኑን ጽሑፍ ያስጻፈው የግብፁ ንጉሥ በጥሊሞስ ነው» የሚሉም አሉ። ኮስማስ የተባለው ግሪክኛ ጸሐፊ በ6ኛው ክፍለ ዘመን የገለበጠው ግን ሁለት የተለያየ ጽሑፍ ነው። የቆመው ድንጋይ ጽሑፍ የሦስተኛው በጥሊሞስ ነው፤ የዙፋኑ ስሙ ያልታወቀ የአክሱም ንጉሥ።

እባካችሁ፣ ስታርሱ ወይም መሠረት ስታስቆፍሩ ገል ካያችሁ አታንሱት። አጠገቡ እስክሪብቶ አስቀምጡና ባለበት ፎቶ አንሱት፤ መጠኑ ይታወቃል። ከዚያ ለባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ንገሩ። ገል የሚያወራው ከተኛበት አፈር ጋር ነው። ከላዩና ከሥሩ ምን እንደነበረ ካልታወቀ ዘመኑን መለየት ይከብደናል።

አምና አንዲት እህት አንድ ፌስታል ሙሉ ገል አመጣችልኝ። አጥባ፣ አድርቃ፣ በጋዜጣ ጠቅልላ። ከየት እንዳነሳችው ስጠይቃት «ከተለያየ ቦታ» አለችኝ።