የበገና እንዚራና አውታር አቀያየር

ሳዝ፣ ታር፣ ሉት ምናምን የሚባሉት የውጭ መሳሪያዎች አንገታቸው ላይ ከአንጀት ወይ ከናይለን የተሰራ ክር ተጠምጥሞ ይታሰርባቸዋል፣ ፍሬት ነው የሚባለው፣ ጣት የት ላይ እንደሚጫን የሚወስነው እሱ ነው፣ ሲላላ ወይ ሲበላ ደግሞ ተፈቶ በአዲስ ይታሰራል። የኛዎቹ ፍሬት የላቸውም። ማሲንቆ ላይ ጣት ባዶ አንገት ላይ እንደፈለገ ነው የሚሄደው፣ በክራርና በበገና ደግሞ ድምፁ የሚለየው በየአውታሩ ነው። ግን የሚያልቅና የሚቀየር ነገር እኛም ጋ አለ። የማሲንቆ የፈረስ ጭራ አለ፣ የክራር ክር አለ፣ ከሁሉም አስቸጋሪው ግን የበገና እንዚራ ነው።

በገና 10 አውታር አለው፣ ቤተ ክርስቲያን አካባቢ በ10ቱ ትእዛዛት ይመሰላል። ሁለት ምሰሶ፣ ላይ ቀንበር፣ ታች በቆዳ የተወጠረ ገበቴ፣ ገበቴው ላይ ደግሞ አውታሮቹ የሚያርፉበት በርኩማ። እንዚራ ማለት በእያንዳንዱ አውታርና በበርኩማው መሀል የምትገባ ትንሽ ቁራጭ ቆዳ ናት፣ ስራዋ አውታሩን ከበርኩማው ጫፍ ትንሽዬ ከፍ ማድረግ ነው፣ አውታሩ ሲመታ ጫፉን እየነካ ይርገበገብና ያ ሁላችንም የምናውቀው እዝዝ የሚል ድምፅ ይመጣል። እንዚራው ከወጣ በገናው ትልቅ ክራር ነው የሚመስለው። ለዚህ ነው ድምፁ ሲሞት ሰው ገበቴው ተሰነጠቀ እንዴ ብሎ እንጨቱን ሲመረምር የሚገርመኝ፣ መጀመሪያ መታየት ያለበት ቆዳው ነው።

ቆዳው አውታሩ እየተጫነው ይጎደጉዳል፣ ይደርቃል፣ ጠርዙም ይጠነክራል። ሲቀየር አንድ በአንድ ነው እንጂ ሁሉንም አውታር ባንዴ መፍታት አይገባም፣ በርኩማውን ይዞት ያለው የአውታሮቹ ጫና ስለሆነ ይወድቃል፣ መልሶ ቦታው ላይ ማቆም ደግሞ ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። አውታሩን ቀንበሩ ላይ ባለው መቃኛ ላላ አድርጎ አሮጌውን ማውጣት፣ በልኩ የተቆረጠውን አዲሱን ማስገባት፣ መልሶ ማጥበቅና መቃኘት፣ ከዛ ነው ዋናው ስራ የሚጀምረው። እንዚራውን በጥቂት በጥቂቱ ወደላይ ወደታች እየገፉ አውታሩን እየመቱ መስማት ነው። ትንሽ ካለፈ ድምፁ ይታፈናል ወይ ደግሞ ጭራሽ አይርገበገብም። መለኪያ የለውም፣ በጆሮ ነው፣ ለ10ሩም። ወፍራሙ አውታር ላይ የሰራው ውፍረት ቀጭኑ ላይ ላይሰራ ስለሚችል ከአንድ ቆዳ ሁሉንም እኩል ቆርጦ መጨረስ የሚፈልግ ሰው ብዙ ይደክማል።

ሁሉም እኩል አያልቅም። ለምሳሌ ታዋቂው የበገና ደርዳሪ ዓለሙ አጋ በጣቱ ሲደረድር 1ኛ፣ 3ኛ፣ 4ኛ፣ 6ኛ፣ 8ኛና 10ኛውን ነው የሚመታው፣ ሌሎቹ ጣት ማሳረፊያ ናቸው። በዚህ መንገድ ለሚደረድር ሰው ቶሎ የሚያረጁት ስድስቱ ናቸው። በጣት ፈንታ በግርፍ፣ ማለትም በመምቻ የሚመቱም አሉ፣ እሱ ደግሞ አውታሩን ራሱን ይበላዋል።

አውታሩ በባህሉ ከበግ አንጀት ነው የሚሰራው፣ ይታጠባል፣ ይፋቃል፣ በእርጥቡ ይከረርና ተወጥሮ ይደርቃል። አዲስ አንጀት መጀመሪያ ላይ እየተለጠጠ ስለሚሄድ ቅኝቱ አይቆምም፣ ትዝታ ቃኝተህ ትንሽ ቆይተህ ስትመለስ ሌላ ነገር ሆኖ ታገኘዋለህ፣ ስለዚህ ለዐቢይ ጾም የሚዘጋጅ ሰው ዋዜማው ላይ አውታር ባይቀይር ይሻለዋል። አሁን ናይለን የሚያስሩ በዝተዋል፣ እርጥበት አይነካውም፣ ሲፈለግም ይገኛል፣ ለተማሪ ምንም አይልም፣ ግን ለኔ ጆሮ እዝዝታው ትንሽ ደረቅ ይልብኛል። አሜሪካና አውሮፓ ላሉት ሌላ ችግር አለ፣ ክረምት ላይ የቤት ማሞቂያ አየሩን ስለሚያደርቀው ቆዳውም አንጀቱም እንጨቱም ይደርቃል፣ አውታር ይበጠሳል። በገናውን ከማሞቂያው አርቆ ማስቀመጥና ለረጅም ጊዜ የማይደረደር ከሆነ አውታሮቹን ሳይፈቱ ትንሽ ላላ ማድረግ ይረዳል፣ መለዋወጫ ቆዳና አንጀትም ከሀገር ቤት ሲመጡ ይዞ መምጣት ነው።