ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ፦ የሦስት ወሩ የስኳር ምርመራ

ሄሞግሎቢን ኤዋንሲ፣ በተለምዶ «የሦስት ወር የስኳር ምርመራ» የሚባለው፣ ባለፉት ሁለትና ሦስት ወራት በደም ውስጥ የነበረውን አማካይ የስኳር መጠን የሚለካ የደም ምርመራ ነው። በደም የሚዘዋወረው ስኳር (ግሉኮስ) በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ካለው ኦክስጅን ተሸካሚ ፕሮቲን፣ ከሄሞግሎቢን ጋር ይጣበቃል፤ አንዴ ከተጣበቀ ደግሞ ሴሉ ዕድሜውን ጨርሶ እስኪወገድ ድረስ፣ ማለትም እስከ 120 ቀን ገደማ፣ አብሮት ይቆያል። ስኳር የተጣበቀበት ሄሞግሎቢን ከጠቅላላው ያለው ድርሻ በመቶኛ ተሰልቶ ይጻፋል። «የሦስት ወር» ይባል እንጂ ከውጤቱ ግማሽ ያህሉ የመጨረሻውን አንድ ወር የሚያንጸባርቅ ነው።

የዚህ ሄሞግሎቢን መጠን በስኳር ሕሙማን ደም ውስጥ ከፍ እንደሚል በ1960ዎቹ መጨረሻ (እ.ኤ.አ.) ያስተዋለው ኢራናዊው ሳሙኤል ራህባር ሲሆን፣ የዓለም ጤና ድርጅት ምርመራውን በሽታውን ለመለየት እንዲያገለግል የተቀበለው በ2011 እ.ኤ.አ. ነው። 6.5 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ ውጤት የስኳር በሽታን ያመለክታል፤ ምልክት ያልታየበት ሰው ግን በድጋሚ ተመርምሮ መረጋገጥ አለበት። በአሜሪካ መመዘኛ ከ5.7 እስከ 6.4 ያለው ቅድመ ስኳር በሽታ ይባላል። በሕክምና ላይ ላሉ ብዙ አዋቂዎች ግቡ ከ7 በታች ነው፤ ለአረጋውያንና ስኳራቸው በድንገት ለሚወርድባቸው ግን ላላ ይደረጋል።

ለምርመራው መጾም አያስፈልግም፤ ቁርስ በልቶ፣ ቡና ጠጥቶም ደም መስጠት ይቻላል። ቀጠሮው ሦስት ቀን ሲቀረው ዳቦና ጣፋጭ የሚተው ታካሚ በባዶ ሆድ በሚለካው ስኳር ጥሩ ቁጥር ሊያሳይ ይችላል፤ በዚህኛው ግን ቀደም ብሎ ያለፉት ሳምንታት ይታዩበታል። ይሁንና አማካይ ምንጊዜም የሚሸፍነው ነገር አለ። 7 በመቶ በአማካይ ወደ 154 ሚሊግራም በዴሲሊትር ይጠጋል፤ ቀኑን ሙሉ በዚያው አካባቢ የሚውል ሰውም፣ ሌሊት 50 ወርዶ ከምሳ በኋላ 280 የሚደርስ ሰውም ያንኑ 7 ይዘው ሊመለሱ ይችላሉ። በጣት ጫፍ የሚደረገው ልኬት የማይቀረው ለዚህ ነው።

ሌላው ድክመቱ ከቀይ የደም ሴል ዕድሜ ጋር የተያያዘ ነው። ብዙ ደም የፈሰሰው፣ በቅርቡ ደም የተሰጠው፣ ወይም እንደ ወባ ባለ ሕመም ሴሎቹ ያለጊዜያቸው የሚፈርሱበት ሰው ውጤቱ ከእውነቱ ዝቅ ሊል ይችላል፤ በብረት እጥረት የሚመጣ የደም ማነስ ደግሞ በተቃራኒው ከፍ ሊያደርገው ይችላል። ስለዚህ ሐኪሙ ቁጥሩን ከማመኑ በፊት የደም ማነስ መኖር አለመኖሩን ይጠይቃል።