የኤክስ ሰርቨርን የሜሞሪ ኮድ ማጽዳት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

ኤክስ ኦርግ ሰርቨር በሊኑክስና በመሰሎቹ ላይ የፕሮግራሞችን መስኮት ስክሪን ላይ የሚያወጣ የኦፕን ሶርስ ዲስፕሌይ ሰርቨር ነው። ሜሞሪ የሚጠይቀውና የሚመልሰው ኮዱ በየጊዜው ይጸዳል። ስለዚህ ሥራ ከሚባለው ግን ብዙው ልክ አይደለም።

«ፈልጎ መተካት ብቻ ነው»

አንዳንዴ እውነት ነው። ሰርቨሩ ድሮ ሜሞሪ ለመጠየቅ ኤክስአሎክ፣ ለመመለስ ደግሞ ኤክስፍሪ የሚባሉ የራሱ ስሞች ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2010 በተለመዱት የሲ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ ስሞች፣ በማሎክ (መጠየቂያ) እና በፍሪ (መመለሻ) ተተኩ። ግን ድራይቨሮችም (ሰርቨሩን ከሃርድዌር ጋር የሚያገናኙ ኮዶች) በእነዚያው ስሞች ይጠቀሙ ስለነበር እነሱንም ማስተካከል ግድ ሆነ።

«ሊኑክስ ላይ ማሎክ አይከሽፍም»

ይህን ከጎበዝ ፕሮግራመሮችም ትሰማላችሁ። እርግጥ ሊኑክስ ቶሎ «እሺ» ይላል፤ ሜሞሪውን በተግባር የሚያቀርበው ፕሮግራሙ ሲነካው ነው። ቢሆንም ቅጥ ያጣ ጥያቄ ሲመጣ እምቢ ይላል። ዲስፕሌይ ሰርቨር ደግሞ መጠኑን ብዙ ጊዜ የሚቀበለው ከማያውቀው ክላየንት (ከሰርቨሩ ጋር ከሚገናኝ ፕሮግራም) ነው።

የባሰው ግን ማሎክ ሲሳካ ነው። ክላየንቱ እያንዳንዳቸው 4 ባይት የሆኑ 1,073,741,825 ቁጥሮች ልላክ አለ እንበል። ብዜቱ 4,294,967,300 ነው። ስሌቱ በ32 ቢት ከተሠራ ትርፉ ይቆረጥና 4 ብቻ ይቀራል። ማሎክ 4 ባይቷን ያለምንም ችግር ይሰጣል። ኮዱ ግን የጠየቀውን ሁሉ ያገኘ መስሎት ከቦታው አልፎ መጻፍ ይጀምራል። ውጤቱ ናል (ሜሞሪ አልተገኘም የሚል ባዶ መልስ) መሆን አለመሆኑን ብታዩም አያድናችሁም፤ ናል አይደለማ! እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2014 ይፋ ከሆኑት የኤክስ የደህንነት ቀዳዳዎች መካከል የዚህ ዓይነት የስሌት ስህተቶች ነበሩ። አንዳንዶቹ ኤክስ11 የሚባለው የኤክስ ዕትም ከወጣበት ከ1987 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ እዚያው የተቀመጡ ነበሩ። ኦፕንቢኤስዲ ከሚባለው ኦፕሬቲንግ ሲስተም የመጣው ሪአሎክአሬይ የተባለ የሜሞሪ መጠየቂያ የሚረዳው እዚህ ላይ ነው። ብዛቱንና መጠኑን ለየብቻ ይቀበላል፤ ብዜቱ ከአቅም ካለፈ ናል ይመልሳል።

«ሜሞሪ ካለቀ ሰርቨሩ ቢዘጋ ይሻላል»

ለተራ ፕሮግራም ያስኬዳል። ይሄኛው ሲዘጋ ግን ስክሪኑ ላይ የተከፈተው ሁሉ አብሮት ይሄዳል። ባድአሎክ የሚባል የስህተት መልስ ያለው ለዚህ ነው፤ ጣጣው የጠየቀው ክላየንት ጋ ይቀራል። መዝጋት የሚያዋጣው ሰርቨሩ ገና ሲነሳ፣ ማንም ሳይገናኘው ነው።

«ከፍሪ በፊት ናል መሆኑን ማረጋገጥ ያስፈልጋል»

አያስፈልግም። በሲ ስታንዳርድ ናል ላይ ፍሪ መጥራት ምንም አያደርግም። መስመሩን አጥፉት።

«ማሎክ ሁሉ ወደ ካሎክ ይቀየር»

ካሎክ እንደ ማሎክ ሜሞሪ ይሰጣል፤ ግን አስቀድሞ በዜሮ ይሞላዋል። ወዲያው ሙሉ በሙሉ በምስል ለሚሞላ ቦታ መጀመሪያ ዜሮ መጻፍ ልፋት ነው። ወደ ክላየንት ለሚላክ መልስ ግን እኔ ካሎክን እመርጣለሁ። የኤክስ መልሶች በ4 ባይት ልክ ስለሚሞሉ መጨረሻቸው ላይ ማንም ያልጻፈባቸው ባይቶች ሊቀሩ ይችላሉ። ካልጸዱ የሰርቨሩ አሮጌ ሜሞሪ ቁርጥራጭ አብሮ ይወጣል።