የመድኃኒት መስተጋብር ምንድን ነው? የድባቴና የሳይኮሲስ ክኒን አብረው ሲዋጡ

አንድ ወጣት አለ እንበል። ለሳይኮሲስ፣ ማለትም ከእውነታ ለሚያለያይ የአእምሮ ሕመም፣ ሃሎፔሪዶል መውሰድ ከጀመረ ዓመት አልፎታል። ድምፅ መስማቱ ቀርቷል፣ ሥራም ይዟል። ከዚያ ድባቴ ተጫነውና ፍሉኦክሲቲን ተጨመረለት። ጥቂት ሳምንታት አለፉ። ቡና ተፈልቶ አቦሉን እንኳ ተቀምጦ መጨረስ አቃተው። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ በረንዳው ላይ ይመላለሳል። ሲቆምም እግሩን እያቀያየረ ይረግጣል። እናቱ «ወይኔ ልጄን፣ አገረሸበት» ይላሉ።

አገርሽቶበት ላይሆን ይችላል። የሃሎፔሪዶሉ ክኒን ቁጥር አልተለወጠም፤ ደሙ ውስጥ ያለው መጠን ግን ጨምሮ ሊሆን ይችላል። የመድኃኒት መስተጋብር የሚባለው ይኸው ነው፦ አንዱ መድኃኒት የሌላውን መጠን ወይም ሥራ ሲለውጥ።

ጉበት ውስጥ መድኃኒት የሚሰባብሩ ኢንዛይሞች አሉ። አንደኛው ሲዋይፒ 2ዲ6 ይባላል። ሃሎፔሪዶልና ሌላው የሳይኮሲስ መድኃኒት ሪስፔሪዶን በእሱ በኩል ያልፋሉ። የድባቴዎቹ ፍሉኦክሲቲንና ፓሮክሲቲን ደግሞ ይህንኑ ኢንዛይም ሥራ ያስፈቱታል። ወፍጮው በአንድ ሰው እህል ሲያዝ የሌላው ጆንያ በር ላይ እንደሚከመር ማለት ነው። የተከመረው መድኃኒት ሰውነትን ይገትራል፣ እጅ ያንቀጠቅጣል፣ ያቁነጠንጣል። መቁነጥነጡን ሐኪሞች አካቲዥያ ይሉታል።

ወጥመዱ እዚህ ላይ ነው። ቁንጥንጡ የበሽታው መባባስ ከመሰለ የሃሎፔሪዶሉ መጠን ይጨመራል። ያኔ ነገሩ በእሳት ላይ ቤንዚን ይሆናል። «አዲሱን ክኒን የጀመረው መቼ ነው?» የምትለዋ ጥያቄ ናት ከዚህ የምታድነው።

ስለዚህ ኢንዛይም ስናወራ የእኛ ነገር ትንሽ ለየት ይላል። በ1996 እ.ኤ.አ. በታተመ ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህ ኢንዛይም ጂን ተደራርቦ ተገኝቶባቸዋል። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 በመቶ ገደማ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ወፍጮው ፈጣን ነው፤ የተለመደው መጠን ላይበቃው ይችላል። ፍሉኦክሲቲን ሲገባ ግን ፈጣኑም ወፍጮ ይዘገያል። ጫትም ይህንኑ ኢንዛይም እንደሚያዘገይ በኢትዮጵያውያን በጎ ፈቃደኞች ላይ ታይቷል። ስለዚህ ሐኪም «ትቅማለህ?» ብሎ ሲጠይቅ ሊወቅስ ነው ብላችሁ አትሸሽጉት፤ ሒሳቡ ውስጥ የሚገባ ነገር ነው።

ሌላ ወፍጮም አለ፣ 1ኤ2 የሚባል። የድባቴው መድኃኒት ፍሉቮክሳሚን እሱን ስለሚዘጋ የሳይኮሲሱን መድኃኒት የክሎዛፒንን መጠን በብዙ እጥፍ ያንረዋል። የሲጋራ ጭስ ግን ተቃራኒ ነው፤ ወፍጮውን ያፈጥነዋል። የሚገርመው፣ ክሎዛፒን የሚወስድ አጫሽ በድንገት ማጨስ ሲያቆም ያው ክኒን ሊበዛበት ይችላል። ማጨሱን አቁሙ፤ ለሐኪሙ ግን ቀድማችሁ ንገሩት።

አንዳንዱ መስተጋብር ጉበትን አይነካም፤ ዝም ብሎ ይደማመራል። የድባቴው አሚትሪፕቲሊንና የሳይኮሲሱ ክሎርፕሮማዚን ሁለቱም አፍ ያደርቃሉ፣ ሆድ ያደርቃሉ፣ ያስተኛሉ፣ ከአልጋ ሲነሱ ያዞራሉ። ለመንቀጥቀጡ ትራይሄክሲፈኒዲል ሲታከልበት ደግሞ ሽንት አልወጣ ማለት፣ በዕድሜ የገፉ ላይም መቃዠት ሊመጣ ይችላል። የድባቴው ሲታሎፕራምና ሃሎፔሪዶል ልብ ከእያንዳንዱ ምት በኋላ በኤሌክትሪክ ራሱን የሚያድስበትን ጊዜ ያረዝማሉ፤ አብረው ሲታዘዙ ኢሲጂ (የልብ የኤሌክትሪክ ምርመራ) መነሳት ደግ ነው።

ይህ ሁሉ ግን «ሁለቱ አብረው አይታዘዙም» ማለት አይደለም። የሳይኮሲሱን ኦላንዛፒንና ፍሉኦክሲቲንን በአንድ እንክብል የያዘ መድኃኒት አሜሪካ ውስጥ በ2003 እ.ኤ.አ. ለባይፖላር (ስሜት ከፍና ዝቅ ለሚልበት ሕመም) ድባቴ ተፈቅዷል። ድባቴው ሳይኮሲስ ሲቀላቀልበትም ብዙ ጊዜ ሁለቱም ያስፈልጋሉ። ክኒኑን በራስ ፈቃድ ማቋረጥ የባሰ ነው።

ትኩሳት ከሰውነት መገተርና ከመቃዠት ጋር ከመጣ ግን ነገ አይባልም፤ በዚያው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው።

ለሌላው ቀን ቀጠሮ ስትሄዱ ያለውን ክኒን ሁሉ ከነማሸጊያው በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። ያቆማችሁትንም ጭምር፤ ፍሉኦክሲቲን ከቆመ በኋላ እንኳ ለሳምንታት ከሰውነት አይወጣም፣ ወፍጮውንም እንደያዘ ይቆያል።