ያለ ደመወዝ ፖሊስ፦ የአሜሪካ በጎ ፈቃደኞች ኢንሹራንስ፣ ስልጠናና የሕግ ከለላ

ማርች 14 ቀን 2007 ማታ ነው፤ ኒውዮርክ፣ ግሪኒች ቪሌጅ። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።) ሁለት ወጣቶች የፖሊስ ዩኒፎርም ለብሰው ሰፈሩን ይዞራሉ። አንደኛው ኒኮላስ ፔካሮ ይባላል። 28 ዓመቱ ነው፤ መጻሕፍት መደብር ይሠራል፣ ልብ ወለድም ይጽፋል። ሁለተኛው ዩጂን ማርሻሊክ ነው፤ የ19 ዓመት የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ። ሽጉጥ አልያዙም። ለሥራው አምስት ሳንቲም አይከፈላቸውም።

በዚያ ምሽት አንድ ታጣቂ አንድ ምግብ ቤት ገብቶ ሠራተኛውን ገደለና ወጣ። ሁለቱ ወጣቶች ተከተሉት። ሰውየው ሰሊቫን ስትሪት ላይ ሁለቱንም በጥይት መታቸው። ብዙም ሳይቆይ ራሱ በፖሊሶች ተገደለ። ፔካሮና ማርሻሊክ ግን አልተረፉም።

ፔካሮ ጥይት መከላከያ ሰደሪያ ለብሶ ነበር። የገዛው ከራሱ ኪስ ነው። ማርሻሊክ ጭራሽ ሰደሪያ አልነበረውም።

ስለ በጎ ፈቃደኛ ፖሊሶች ጥበቃ ሲወራ እኔ ቶሎ የሚመጣብኝ ያ ሰደሪያ ነው። ማኅበረሰቡን ለመጠበቅ ያለ ደመወዝ የወጣ ሰው፣ የራሱን መጠበቂያ ግን ራሱ ገዝቶ ነበር።

ማን ናቸው?

አሜሪካ ውስጥ እነዚህ ሰዎች አንድ መጠሪያ የላቸውም። አንዱ ከተማ «ሪዘርቭ» (ተጠባባቂ) ይላቸዋል፣ ሌላው «ኦግዚለሪ» (ረዳት)፣ ሌላው ደግሞ «ስፔሻል ዴፑቲ» (ልዩ ምክትል)። ስሙ ሲለያይ ሥልጣኑም ይለያያል። የአገሪቱ ፖሊስ በአንድ ማዕከል አይመራም፤ ከተማው፣ ካውንቲውና (ከስቴት በታች ያለው አስተዳደር) ስቴቱ የየራሱ አለው። ስለዚህ በአንዱ ካውንቲ የሚሠራው ደንብ ወንዝ ተሻግሮ ላይሠራ ይችላል።

የኒውዮርክ ኦግዚለሪ መነሻው የቀዝቃዛው ጦርነት ዘመን የሲቪል መከላከያ ነው። ሕጋዊ መሠረቱም በ1951 የወጣው የስቴቱ የአስቸኳይ ጊዜ መከላከያ ሕግ ነው። ኦግዚለሪው ዱላና ሬዲዮ ይዞ ይዞራል፣ ያየውን ለመደበኛው ፖሊስ ያሳውቃል። ሎስ አንጀለስ ላይ ነገሩ ሌላ ነው። የከተማው ሪዘርቭ ኃይል ከ1947 ጀምሮ አለ። ከፍተኛውን ስልጠና የጨረሰው ሪዘርቭ ሽጉጥ ታጥቆ፣ ፓትሮል መኪና ይዞ፣ እንደ መደበኛ ፖሊስ ይሠራል። ብዙ ሐበሻ የሚኖርባት ዋሽንግተን ዲሲም ሪዘርቭ ኮር አላት። እዚያ የሚመዘገብ ሰው በወር 24 ሰዓት እንዲሰጥ ይጠበቅበታል። ሥራና ቤተሰብ ላለው ሰው ይህ ቀላል ጊዜ አይደለም።

ከስልጠናው ልጀምር

ሰው ብዙ ጊዜ ኢንሹራንሱን ለብቻ፣ የሕግ ከለላውን ለብቻ፣ ስልጠናውን ለብቻ አድርጎ ያያቸዋል። በተግባር ግን ሦስቱም የታሰሩት በአንድ ገመድ ነው፤ ገመዱም ስልጠናው ነው። እሱ ሲላላ ሌሎቹም ይላላሉ።

ካሊፎርኒያ ይህን በደንብ ካሰቡበት ስቴቶች አንዷ ነች። ሕጓ ሪዘርቮችን በሦስት ደረጃ ይከፍላል። ሦስተኛው ደረጃ ላይ ያለው ብዙም አደጋ የሌለባቸውን የድጋፍ ሥራዎች ነው የሚሠራው። ሁለተኛው ፓትሮል ይወጣል፤ ግን አጠገቡ የሚቆጣጠረው መኮንን መኖር አለበት። አንደኛው ብቻውን መሥራት ይችላል። ለዚህ ግን መደበኛ ፖሊስ የሚወስደውን መሠረታዊ ስልጠና መጨረስ ግዴታው ነው፤ የስቴቱ ዝቅተኛ መስፈርት 664 ሰዓት ነው። ሐሳቡ ግልጽ ነው፤ ሰውየው ሥልጣን የሚያገኘው በተማረው ልክ ነው።

ይህ ሥርዓት ሲጣስ ምን እንደሚመጣ ደግሞ ኦክላሆማ ውስጥ ታይቷል። ኤፕሪል 2 ቀን 2015 የተልሳ ካውንቲ የሸሪፍ (የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ) ቢሮ ሕገወጥ ሽጉጥ ይሸጣል ያለውን ኤሪክ ሃሪስን ለመያዝ ወጥመድ ዘረጋ። ሃሪስ ሮጠ፣ ደርሰውበት መሬት ላይ ጣሉት። ሮበርት ቤትስ የተባለ የ73 ዓመት ሪዘርቭ ዴፑቲ አብሮ ነበር። በመደበኛ ሕይወቱ የኢንሹራንስ ኩባንያ ኃላፊ ነው። ቤትስ ቴዘር፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ማደንዘዣ መሣሪያውን ያወጣ መስሎት ሽጉጡን አወጣ። ተኮሰ። ቪዲዮው ላይ «መታሁት፣ ይቅርታ» ሲል ይሰማል። ሃሪስ ሞተ።

ጉዳዩ ሲመረመር የወጣው ነገር ከተኩሱ ባልተናነሰ ያስደነግጣል። ቤትስ ለሸሪፉ ቢሮ መኪናና ዕቃ በስጦታ ይሰጥ ነበር። በ2009 ቢሮው ራሱ ባደረገው የውስጥ ምርመራ ሰውየው የተለየ እንክብካቤ እንደሚደረግለትና ስልጠናው አጠያያቂ እንደሆነ ተጽፎ ነበር። ወረቀቱ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ቤትስ በ2016 በቸልተኝነት ሰው በመግደል ወንጀል ጥፋተኛ ተብሎ 4 ዓመት ተፈረደበት። የሸሪፉም ሥልጣን አበቃ። ካውንቲው በ2018 ለሃሪስ ወገን 6 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ።

በእኔ እምነት ቤትስም ቢሆን ሳይጠበቅ የቀረ በጎ ፈቃደኛ ነው። «አንተ ለዚህ ሥራ አልሠለጠንክም፤ ቤትህ ተቀመጥ» የሚለው አለቃ ቢኖረው ኖሮ ሃሪስ አይሞትም፣ ሽማግሌውም እስር ቤት አይገባም ነበር። ስጦታ ያመጣን ሰው እንዲህ ማለት ይከብዳል። ግን ትልቁ ጥበቃ እሱ ነበር።

ቢጎዳ፣ ቢሞትስ?

በ1976 የወጣ የፌዴራል ሕግ አለ፤ በሥራ ላይ ለሚሞቱ የፖሊስና የእሳት አደጋ ሠራተኞች ቤተሰብ ካሳ ይከፍላል። ሲጀመር ክፍያው 50,000 ዶላር ነበር። ዛሬ ከ400,000 ዶላር በላይ ሆኗል። ለሥራ ላይ ጉዳት ሙሉ በሙሉ የአካል ጉዳተኛ ለሆነም ይደርሳል። ለበጎ ፈቃደኛው ዋናው ነገር ሕጉ ውስጥ ያለች አንዲት ሐረግ ናት፤ «በክፍያም ሆነ ያለ ክፍያ» የሚያገለግል ትላለች። ደመወዝ አለመኖሩ ብቻውን ካሳ አያስከለክልም።

ነገር ግን ያቺ ሐረግ ብቻዋን አትበቃም። የፔካሮና የማርሻሊክ ቤተሰቦች ሲያመለክቱ መጀመሪያ የተሰጣቸው መልስ አይገባችሁም የሚል ነበር። ክርክሩ የተነሳው ኦግዚለሪዎቹ የማሰር ሥልጣን ስለሌላቸው እንደ ሕግ አስከባሪ ይቆጠራሉ ወይ በሚለው ላይ ነው። ዩኒፎርም ለብሰው፣ ገዳይ ተከትለው የሞቱ ልጆች! ብዙ ከተጮኸ በኋላ ውሳኔው ተቀልብሶ ካሳው ተፈቀደ። ለሌላው በጎ ፈቃደኛ ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የሹመት ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ሥልጣን ምን እንደሆነ፣ ከሞት በኋላ ቤተሰቡ የሚያገኘውን ሊወስን ይችላል።

ካልሞተና ከተጎዳ ደግሞ ጉዳዩ ወደ ስቴቱ የሥራ ላይ ጉዳት ካሳ ሕግ ይሄዳል። እዚህ አንድ የሂሳብ ችግር አለ። ካሳው የሚሰላው ከደመወዝ ተነስቶ ነው። በጎ ፈቃደኛው ደግሞ ደመወዙ ዜሮ ነው። የዜሮ ምን ያህሉ ይከፈለው? ካሊፎርኒያ መፍትሔ አበጅታለች። በሥልጣን ባለው አካል ተሹሞ የተወሰነ የፖሊስ ሥራ የተመደበለት ሪዘርቭ፣ ሥራው ላይ እስካለ ድረስ እንደ ተቀጣሪ ይቆጠራል። ካሳው ሲሰላም በሌላ ሥራው የሚያገኘው ገቢ ምንም ይሁን ምን፣ ሕጉ የሚፈቅደው ከፍተኛ የሳምንት ገቢ እንዳለው ተደርጎ ይያዛል። ጥሩ ሕግ ነው። የሚያሳዝነው ሁሉም ስቴት እንዲህ አለማድረጉ ነው። አንዳንዱ ቦታ ነገሩ ለከተማው ወይም ለካውንቲው ውሳኔ ይተዋል፤ እነሱ ለበጎ ፈቃደኞቹ ለብቻ ኢንሹራንስ ካልገዙ ሰውየው የራሱን የጤና ኢንሹራንስ ይዞ ሆስፒታል ይሄዳል ማለት ነው።

እዚህ ላይ «የተወሰነ ሥራ የተመደበለት» የሚለውን ልብ በሉ። ከተመደበበት ውጭ፣ ከተማረው ውጭ፣ ከፈረቃው ውጭ ሲሆን የኢንሹራንሱ በር መጥበብ ይጀምራል።

ሲከሰስ

ሜይ 12 ቀን 1991 ሌሊት አንድ ባልና ሚስት በፒክአፕ ከቴክሳስ ወደ ኦክላሆማ ገቡ። ባልየው የፖሊስ ኬላ ሲያይ መኪናውን አዞረ። የብራያን ካውንቲ መኪና ተከተላቸው፤ ፍጥነቱ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር አለፈ። በመጨረሻ ሲቆሙ አንድ ሪዘርቭ ዴፑቲ ሚስትየዋን ጂል ብራውንን ክንዷን ይዞ ጎትቶ አስፋልት ላይ ጣላት። ሁለቱም ጉልበቶቿ ክፉኛ ተጎዱ።

ዴፑቲው የሸሪፉ ዘመድ ነበር። ከመሾሙ በፊት በድብደባ ጭምር የተመዘገበ ሪከርድ ነበረው። ሸሪፉ ሪከርዱን አስመጥቶ በደንብ አላየውም። ወይዘሮዋ ካውንቲውን ከሰሰች፣ ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1997 በ5 ለ4 ድምፅ የተወሰነው ካውንቲው በአንድ የተሳሳተ ሹመት ብቻ ተጠያቂ አይሆንም ተብሎ ነው። ነገሩ በዚህ አላበቃም። ጉዳዩ ወደ ታች ሲመለስ ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት በ2000 በሌላ መንገድ ካውንቲውን ተጠያቂ አደረገ። ምክንያቱ ሰውየውን ሳያሠለጥኑ ማሰማራታቸው ነው። ይህ መንገድ የተከፈተው በ1989 ነው፤ ያኔ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድ ከተማ በግዴለሽነት ፖሊሶቹን ሳያሠለጥን ቀርቶ የሰው መብት ቢጣስ ሊከሰስ እንደሚችል ወስኖ ነበር።

ታዲያ በጎ ፈቃደኛው በግሉ ምን ከለላ አለው? ብዙ ሰው የሚጠቅሰው የ1997ቱን የፌዴራል የበጎ ፈቃደኞች ጥበቃ ሕግ ነው። ሕጉ ለመንግሥት ተቋምም ሆነ ለበጎ አድራጎት ድርጅት በነጻ የሚያገለግል ሰው፣ በተሰጠው ኃላፊነት ውስጥ ሆኖ በተራ ቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጉዳት በግሉ እንዳይጠየቅ ያደርጋል። ሥራው ፈቃድ ወይም የብቃት ማረጋገጫ የሚጠይቅ ከሆነ ግን ያ ወረቀት ሊኖረው ይገባል። ስልጠናው እዚህም ተመልሶ መጣ።

ለፖሊስ ሥራ ግን ሕጉ ትልልቅ ቀዳዳዎች አሉት። መኪና ሲነዳ የደረሰ ጉዳትን አይሸፍንም፤ የፖሊስ ሥራ ደግሞ ግማሹ መኪና ውስጥ ነው። ከባድ ቸልተኝነትንም አይሸፍንም። ከሁሉ በላይ የሲቪል መብት ጥሰትን አይሸፍንም። አሜሪካ ውስጥ ፖሊስ በብዛት የሚከሰሰው ደግሞ ልክ በዚህ ነው፤ ከ1871 ጀምሮ ባለው የሲቪል መብት ሕግ። እንዲህ ያለ ክስ ሲመጣ በጎ ፈቃደኛው የሚይዘው ፖሊሶች ሁሉ የሚያነሱትን «ሁኔታዊ ያለመከሰስ መብት» ነው፤ በግልጽ የታወቀ መብት ካልጣሰ በግሉ ካሳ አይከፍልም። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በ2012 ለመንግሥት በጊዜያዊነት የሚሠራ የግል ሰውም ይህን መብት ማንሳት እንደሚችል ወስኗል። ጉዳዩ የአንድ ጠበቃ ነበር፤ ሐሳቡ ግን ለሪዘርቮችም ይጠቅማል።

መብቱ ተነሳም አልተነሳም ግን ጠበቃ ገንዘብ ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ ሰው ከመፈረሙ በፊት በጽሑፍ መያዝ ያለበት ቁምነገር መሥሪያ ቤቱ ጠበቃ ያቆምለት እንደሆነ፣ ቢፈረድበትም ይከፍልለት እንደሆነ ነው። «አይዞህ፣ አንተ የእኛ ሰው ነህ» የሚል የቃል ተስፋ ፍርድ ቤት አይሠራም። የወሰዳቸውን ኮርሶች ሰርተፍኬት ኮፒ ቤቱ ቢያስቀምጥም ጥሩ ነው። በግሉ የገዛው የሕይወት ኢንሹራንስ ካለም ውሉን ቁጭ ብሎ ያንብበው፤ የፖሊስ ሥራ የሚያስቀር አንቀጽ እንዳይኖርበት።

ኒውዮርክ ላይ ከሁለቱ ወጣቶች ሞት በኋላ ከተማው ለኦግዚለሪዎቹ ጥይት መከላከያ ሰደሪያ በራሱ በጀት ለመግዛት ወሰነ።