መረጃ ሰጪ ንግግር፦ አዘገጃጀቱና አቀራረቡ

መረጃ ሰጪ ንግግር አድማጭ የማያውቀውን ወይም በከፊል ብቻ የሚያውቀውን ጉዳይ እንዲረዳ ታስቦ የሚቀርብ ንግግር ነው። የአንድ ማሽን አሠራር፣ የአንድ በሽታ መተላለፊያ፣ የአንድ ጦርነት መነሻ ወይም የአንድ ሕግ ይዘት ርዕሱ ሊሆን ይችላል። ከአሳማኝ ንግግር የሚለየው በዓላማው ነው። ክትባት እንዴት እንደሚሠራ መንገር አንድ ነገር ነው፤ «ተከተቡ» ማለት ሌላ። የትኛውን መረጃ ማንሳትና የትኛውን መተው በራሱ አድማጭን ወደ አንድ ወገን ይገፋል የሚሉ አሉ። ክርክራቸው በቀላሉ የሚታለፍ አይደለም።

የጥንቶቹ ሊቃውንት ለዚህ ንግግር ብዙ ቦታ አልሰጡትም። አርስቶትል ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4ኛው ክፍለ ዘመን ንግግርን የሸንጎ፣ የፍርድ ቤትና የውዳሴ ብሎ በሦስት ሲከፍል፣ ማስረዳት የራሱ ክፍል አላገኘም። ሮማውያን ግን ዛሬም የሚያገለግል የሥራ ቅደም ተከተል ትተዋል፦ ሐሳብ መፈለግ፣ ማደራጀት፣ ቋንቋ መምረጥ፣ በቃል መያዝና ማቅረብ። ቀጥለው የመጡት ዘመናት በአብዛኛው ይህንኑ አስተላለፉ።

ማስረዳት ክብሩን ያገኘው በሳይንስ መድረክ ላይ ነው። እዚህ ላይ የእንግሊዛዊውን ሳይንቲስት የማይክል ፋራዴይን ያህል ሊጠቀስ የሚገባው የለም። ፋራዴይ የአንጥረኛ ልጅ ነበር። ብዙም አልተማረም፤ በልጅነቱ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ነው የሠራው። በ1813 (እ.ኤ.አ.) ለንደን በሚገኘው ሮያል ኢንስቲትዩሽን በተባለ የሳይንስ ተቋም ረዳት ሆኖ ሲቀጠር፣ የሌሎችን ንግግር እያየ የታዘበውን ለጓደኛው በደብዳቤ ይጽፍ ነበር። ተናጋሪ ቢቻል ለአድማጩ ጀርባውን አይስጥ፤ ለማንም ሰው አንድ ሰዓት ይበቃል፤ የአዳራሹ አየር እንኳ ሊታሰብበት ይገባል ይላል። በኋላ ራሱ መድረክ ሲይዝ የንግግር አስተማሪ ዘንድ ሄዶ ተማረ። ሲያቀርብ «ቀስ» የሚል ካርድ ፊቱ ያስቀምጥ ነበር። ካርዱን ረስቶ ከፈጠነ ረዳቱ ደግሞ እንዲያሳየው ታዟል። ሰዓቱ ሊያልቅ ሲል «ሰዓት» የሚል ሌላ ካርድ ይመጣል። በ1825 በተቋሙ የተጀመረው የገና ሰሞን የወጣቶች ንግግር ዛሬም አለ፤ ፋራዴይ 19 ጊዜ አቅርቦታል። በጣም የታወቀለት ርዕስ ሻማ ነው። ሁሉም የሚያውቀውን ሻማ ለኩሶ፣ ከነበልባሉ ተነስቶ ስለ አየር፣ ስለ ውሃና በመጨረሻም ስለ ሰው አተነፋፈስ አስረዳ። ከሚታወቀው ወደማይታወቀው መሄድ የሚባለው ይኸው ነው።

ዝግጅቱ የሚጀምረው ከአድማጩ ነው። ምን ያውቃሉ? ምን በስህተት ያውቃሉ? ሁለተኛው ጥያቄ ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ የተሳሳተ እውቀት ካለ ግን አዲሱ መረጃ አይገባም። ከዚያ ዓላማው በአንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፋል፦ «ንግግሩ ሲያልቅ አድማጩ ይህን በራሱ ቃል ማስረዳት ይችላል»። ዓረፍተ ነገሩን የማይደግፍ መረጃ፣ ምንም ያህል የሚጥም ቢሆን፣ ይወጣል። ተናጋሪን የሚከብደው ይህ ነው፤ የለፋበትን መጣል ማን ይወዳል?

ዋና ነጥቦቹ ከሁለት እስከ አራት ቢሆኑ ይመረጣል። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጆርጅ ሚለር በ1956 ሰው በአንድ ጊዜ ወደ ሰባት የሚጠጉ ነገሮችን በአእምሮው ይይዛል ብሎ ነበር፤ በኋላ የመጡ ተመራማሪዎች ቁጥሩን ወደ አራት ዝቅ አድርገውታል። የትኛውም ይሁን፣ አንባቢ ገጽ መልሶ ያያል፤ አድማጭ ያመለጠውን መመለስ አይችልም። ስለዚህ «እስካሁን መንስኤውን አየን፤ አሁን ወደ ምልክቶቹ እንሂድ» የሚሉ መሸጋገሪያዎች በጽሑፍ ቢሰለቹም በንግግር ግድ ናቸው። ቅደም ተከተሉ በጊዜ፣ በቦታ፣ በመንስኤና ውጤት ወይም በንዑስ ርዕስ ሊሆን ይችላል። መግቢያው መጨረሻ ላይ ቢጻፍ ይሻላል።

ለአቀራረብ አራት መንገዶች አሉ፦ ከወረቀት ማንበብ፣ በቃል መሸምደድ፣ ያለ ዝግጅት መናገርና በአጭር ማስታወሻ ተደግፎ መናገር። መረጃ ለመስጠት የመጨረሻው ይመረጣል፤ አድማጩ እንዳልገባው ፊቱ ላይ ሲታይ በሌላ ምሳሌ መድገም ያስችላልና። ከመልእክት 7 በመቶው ብቻ በቃላት ይተላለፋል የሚለው በየሥልጠናው የሚደጋገም አባባል ስህተት ነው። መነሻው የሥነ ልቦና ተመራማሪው አልበርት መህራቢያን በ1967 ያወጣቸው ጥናቶች ናቸው፤ እነሱም የሚመለከቱት ስሜትን እንጂ ማብራሪያን አይደለም። የኩላሊትን አሠራር በእጅ እንቅስቃሴ ብቻ ያስረዳ ተናጋሪ የለም።

ስላይድ የሚጠቅመው በቃል ሊነገር የማይችለውን ሲያሳይ ነው፦ ሥዕል፣ ካርታ፣ ግራፍ። ተናጋሪው የሚለውን ቃል በቃል ከያዘ ግን አድማጩ ያነባል እንጂ አይሰማም። ልምምድ ድምፅ እያሰሙ፣ ሰዓት ይዘው፣ ቆመው ነው፤ በልብ ማንበብ ጊዜውን አሳጥሮ ያሳያል። በጥያቄ ሰዓት ጥያቄውን በማይክ መድገም ከኋላ ላሉት ይጠቅማል፤ ለተናጋሪውም ማሰቢያ ጊዜ ይሰጠዋል።