«ዋቱ ስንት ነው?» እና ሌሎች የማለስለሻ ማሽን ስህተቶች

የእንጨት ማለስለሻ ማሽን ሊገዛ የተነሳ ሰው ሁሉ ይደውልልኛል። አናጢነት ከጀመርኩ ሃያ ዓመት አልፎኛል፤ ጥያቄው ግን አንድም ቀን ተለውጦ አያውቅም፦ «ዋቱ ስንት ይሁን?» ስለሚሠራው እንጨት፣ ስለ ወረቀቱ ወይም ስለ አቧራው የሚጠይቀኝ የለም።

የማወራው በአንድ እጅ ስለሚያዘው፣ ከአንድ ሙሉ የብርጭቆ ወረቀት ሩቡን ስለሚጎርሰው ትንሽ ማሽን ነው። ይህ ማሽን እንጨት አይቆርጥም፣ አይላግም። ሥራው የመጨረሻውን ልስላሴ መስጠት ነው። ወረቀቱ የሚወጠርበት አራት ማዕዘን ሰሌዳ በደቂቃ 14,000 ጊዜ ያህል ይዞራል፤ የሚዞርባት ክብ ግን አንድ ሚሊ ሜትር ተኩል ገደማ ብቻ ናት። ለዚህች እንቅስቃሴ 180 ወይም 200 ዋት በቂ ነው፤ ታዋቂዎቹ አምራቾች ማኪታና ቦሽ እንኳ ትንንሾቹን በዚህ መጠን ሠርተዋቸዋል። ደግሞም ካርቶኑ ላይ የተጻፈው ዋት ማሽኑ ከሶኬት የሚስበው እንጂ እንጨቱ ላይ የሚያርፈው አይደለም። ከዋቱ ይልቅ ሰሌዳው ላይ ማስመሪያ አጋድሙና ቀጥ ማለቱን እዩ። ወረቀቱን የሚይዙትን መቆንጠጫዎች ከፍታችሁ ዝጉ፤ ከላሉ ወረቀቱ ሥራ መሃል ይሸሻል። ከዚያ አስነስታችሁ ለሁለት ደቂቃ ያዙት፤ እጃችሁን ካደነዘዘው ቀኑን ሙሉ አብራችሁት አትውሉም።

የዋት አምልኮ አንድ ክፉ ልጅ ወልዷል፦ «ጉልበት ካለው ልጫነው»። አንድ ወጣት አናጢ በመርካቶ ከነበሩት ሁሉ ትልቅ ዋት ያለውን መርጦ ገዛ። የዋንዛ በር ሠርቶ በሁለት እጁ ተደግፎ አለሰለሰው፤ በዓይን ሲታይም እንከን አልነበረውም። ቫርኒሹ ሲቀባ ግን በሩ ሙሉ የቀንድ አውጣ ዛጎል የመሰሉ ጥቃቅን ክቦች ብቅ አሉ። «ቫርኒሹ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ጠራኝ። ቫርኒሹ ምን አጠፋ? ሲጫነው ሞተሩ ደከመ፣ ወረቀቱ ጋለ፣ አቧራው በወረቀቱ ሻካራ ጥርሶች መሃል ተጋገረ፤ ያ የተጋገረው ጓል ነው እንጨቱን የቧጨረው። ሁሉንም ፍቀን እንደገና ጀመርን። የማሽኑና የእጃችሁ ክብደት ይበቃል፤ እጃችሁ የሚመራ እንጂ የሚጫን አይሁን። ከመቀባታችሁ በፊት ደግሞ ክፍሉን አጨልማችሁ ባትሪ ከጎን፣ ዝቅ አድርጋችሁ አብሩበት። የተደበቀው ጭረት ሁሉ ጥላ ጥሎ ይታያል።

«ክቡ ማሽን ስለመጣ አራት ማዕዘኑ ቀርቷል» የሚሉም አሉ። ክቡ እየተርገበገበ ራሱም ስለሚሽከረከር ለጠረጴዛ ፊት ይሻላል፤ ፈጣንም ነው። የመሳቢያ ጥግ ውስጥ ግን ክብ ነገር እንዴት ይገባል?

«ግራይንደር ላይ ወረቀት ብገጥም ያው ነው»። ያው አይደለም። ግራይንደር የብረት መቁረጫና መሞረጃ ነው፤ እንጨቱን ይቦረቡረዋል።

«ከ80 ቁጥር ቀጥታ 220 ብገባ ጊዜ እቆጥባለሁ»። ቁጥሩ በጨመረ መጠን ወረቀቱ ይለሰልሳል፤ 220 የ80ን ጭረት አያጠፋም፤ ጭረቱን ያብረቀርቀዋል እንጂ። በ120 እና በ180 እለፉ።

«የብርጭቆ ወረቀት ሁሉ ብርጭቆ ነው፣ ርካሹን ልግዛ»። ስሙ አያታላችሁ፤ ዛሬ ለማሽን የሚሠራው አብዛኛው የአሉሚኒየም ኦክሳይድ ነው። ርካሹ ወረቀት አምስት ደቂቃ ሳይሠራ ጥርሱ ይረግፋል።

«ከአሜሪካ የመጣ ከሆነ ጥሩ ነው»። የእዚያ ሶኬት 120 ቮልት ነው፣ የእኛ 220። ዘመድ በሻንጣ ያመጣውን ያለ ትራንስፎርመር የሰካ ደንበኛዬ ማሽኑን የተጠቀመበት ጭሱ እስኪወጣ ድረስ ብቻ ነው።

«የአቧራ ከረጢት ስላለው ማስክ አያስፈልግም»። የዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ የእንጨት አቧራን በሰው ላይ ካንሰር ከሚያመጡ ነገሮች የመደበው እ.ኤ.አ. በ1995 ነው፤ በተለይ የአፍንጫን። ከረጢቱ ሻካራውን ይይዛል፤ ደቃቁ፣ ክፉው፣ አየር ላይ ይቀራል። ማስክ አድርጉ፣ መስኮት ክፈቱ።

ከረጢቱም ቢሆን የሚሠራው ወረቀቱ ሲበሳ ነው። ብዙ ማሽን ካርቶን ውስጥ ሾጣጣ ጥርሶች ያሏት ትንሽ ሰሌዳ አለች። ሰው መጫወቻ መስላው ከካርቶኑ ጋር ይጥላታል። ወረቀቱን ማሽኑ ላይ ከወጠራችሁ በኋላ እሷ ላይ ትጫኑታላችሁ፤ ልክ ማሽኑ አቧራ በሚስብባቸው ቀዳዳዎች ትይዩ ትበሳዋለች። ያልተበሳ ወረቀት አቧራውን ከሥሩ አፍኖ ይይዛል፤ እነዚያ የዋንዛው በር ክቦች የመጡትም በከፊል ከዚሁ ነበር። ልጁን «መብሻዋ የታለች?» ብዬ ስጠይቀው ካርቶኑን ያቃጠለው ማሽኑን በገዛበት በዚያው ሳምንት እንደሆነ ነገረኝ።